አንጎራ ሹራብ ፀጉር ነው፦ አመራረጡ፣ አስተጣጠቡና አቀማመጡ

መጀመሪያ ያበላሸሁት አንጎራ ሹራብ የራሴ አልነበረም፤ የእናቴ ነበር። አክስቴ ከስቶክሆልም የላከችላት፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ሲነኩት ባዘቶ የሚመስል ሹራብ። እናቴን ላስደስት ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳፋ ሙሉ ውሃ አሞቅሁ። የዱቄት ሳሙና በተንኩበት። እንደ ነጠላ እያሸሁ አጠብኩት፣ ጠምዝዤ ጨመቅኩት፣ ሽቦ ላይ አሰጣሁት። ማታ ላወርደው ስሄድ የአምስት ዓመት ልጅ ልብስ ሆኖ ጠበቀኝ። ወፍሯል፣ ደርቋል፣ እጅጌው ወደ ክርን ተሰብስቧል። እናቴ ገልበጥ አድርጋ አየችውና "በይ እንግዲህ ልጅ እስክትወልጂ አስቀምጪው" አለችኝ።

ጥፋቴ ሹራቡን እንደ ጨርቅ ማየቴ ነበር። አንጎራ ፀጉር ነው። ፀጉራችሁን በሚያቃጥል ውሃና በዱቄት ሳሙና አሽታችሁ፣ እንደ መወልወያ ጠምዝዛችሁ አትጨምቁትም። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር አብዛኛው ከዚህችው ነገር የሚመዘዝ ነው።

መጀመሪያ፣ አንጎራ ምንድን ነው?

ስሙ የመጣው ከቱርክ ዋና ከተማ ከአንካራ ነው። ከተማዋ ድሮ አንጎራ ትባል ነበር። በስሟ የሚጠራ ፍየልም አለ፣ ጥንቸልም አለ፣ ድመትም አለ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአንጎራ ፍየል ፀጉር "ሞሄር" ይባላል። "አንጎራ" የሚባለው ክር ግን የአንጎራ ጥንቸል ፀጉር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የልብስ መለያ ሕግም ሁለቱን በዚሁ መንገድ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ከቱርክ የመጣ ልብስ ላይ "ቲፍቲክ" የሚል ካያችሁ ደግሞ የፍየሉ ነው።

የጥንቸሉ ፀጉር በጣም ቀጭን ነው። ውፍረቱ ከ12 እስከ 16 ማይክሮን አካባቢ ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ስለሚሆን አራትና አምስት እጥፍ ይወፍራል ማለት ነው። የመንዝ ባና የደረበ ሰው የበግ ፀጉር ምን ያህል እንደሚያሞቅ፣ ምን ያህልም እንደሚኮሰኩስ ያውቃል። አንጎራ ሙቀቱን ይዞ መኮስኮሱን ትቶታል። ከዚህም ሌላ ፀጉሩ ውስጡ ክፍት ነው። በመሐሉ አየር የታቈረባቸው ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። ያ አየር የሰውነትን ሙቀት ይዞ ያስቀራል፣ ልብሱንም ያቀለዋል።

ታዲያ ችግር የለውም ማለት አይደለም። የበግ ሱፍ ጥምዝምዝ ስለሆነ እንደ ስፕሪንግ ተስቦ ይመለሳል። የአንጎራ ፀጉር ግን ቀጥ ያለና ልሙጥ ነው። አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም። ልሙጥ በመሆኑም ከክሩ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል። ጥቁር ኮት ላይ የሚበተነው ነጭ ብናኝ እሱ ነው።

ሳትገዙ በፊት፦ ለእናንተ ይሆናል?

አስም ወይም የእንስሳት ፀጉር አለርጂ ያለበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ለሕፃንም አልመክርም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ፀጉሩ ደግሞ ይነቀላል። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ሌንሱን ሹራቡን ከመልበሳችሁ በፊት አድርጉ።

የምትኖሩበትም አገር ወሳኝ ነው። ሚኒሶታ ወይም ኦስሎ ላለ ሰው አንጎራ ክረምቱን ሙሉ ያገለግለዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ልብስ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትወጣ ያፍናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ከፊት የሚከፈት፣ አዝራር ያለው ካርዲጋን ይሻላል። ሲሞቅ አውልቆ መያዝ ይቻላል።

ሲገዙ የሚታየው

ከሹራቡ ፊት ለፊት የተንጠለጠለውን ካርቶን አትመኑ። "አንጎራ ሶፍት" ወይም "አንጎራ ላይክ" የሚለው የሻጩ ማባበያ ነው እንጂ ልብሱ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። ከውስጥ ከጎን ስፌቱ ጋር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። እዚያ ላይ መቶኛው ተጽፏል።

አንጎራው 10 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ የገዛችሁት በአብዛኛው ስሙን ነው። ከ20 እስከ 40 በመቶ ያለው የእኔ ምርጫ ነው። ልስላሴው አለ፣ ቅርጹም ይቆያል። 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ደመና ነው፤ ዓይን ይስባል፣ ግን በሄዳችሁበት ይረግፋል። አልፎ አልፎ ለሚለበስ ልብስ እሺ። መቶ በመቶ አንጎራ የሆነ ሹራብ ግን ከጊዜ በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንዘላዘላል። ለኮፍያ፣ ለጓንትና ለአንገት ልብስ ይሆናል።

ቀሪው መቶኛ ምን እንደሆነም አንብቡ። የበግ ሱፍ ወይም ሜሪኖ ከሆነ የመለጠጥና የመመለስ አቅሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ጥቂት ናይለን መኖሩ አያስከፋም፣ ክሩን ያጠነክረዋል። አብዛኛው አክሪሊክ፣ ማለትም ከፕላስቲክ የተሠራ ክር፣ ከሆነ ግን ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ቶሎም ትንንሽ ድብልብል ኳሶች ያወጣል።

ከዚያ በእጅ መፈተሽ ነው። ጉንጫችሁን ወይም አንገታችሁን አስነኩት፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ስለሆነ አይታመንም። ፀጉሩን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጉ። አንድ ሁለት ፀጉር ቢቀር ያለ ነው። ጣታችሁ መሐል ቁንጥር ሙሉ ከቀረ ክሩ ላልቶ የተፈተለ ነው፣ አለዚያም ልብሱ አርጅቷል። የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ወጥራችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተሰበሰበ ተዉት።

ሳልቫጅ ውስጥ አንጎራ ሲገኝ ዕድል ነው። ድሮ የተሠሩት አንዳንዶቹ ዛሬ ከሚሸጡት የተሻለ ክር አላቸው። ግን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካያችሁ ብል ገብቶበታል፤ ቤታችሁ ይዛችሁት ብትገቡ ሌላውንም ያዳርሳል። ብብቱን አሽትቱ። ብብቱና ጎኑ ላይ ፀጉሩ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ከሆነም አይመለስም።

ሻጩ "ንጹሕ አንጎራ ነው" ብሎ ከማለላችሁና ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ቤት ወስዳችሁ የምትሠሩት ፈተና አለ። ከውስጥ ስፌት አንዲት አጭር ክር ቁረጡ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውሃ አጠገብ ሆናችሁ፣ ለእሳት አቅምሱት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ በዓል ላይ የበግ ራስና እግር ሲለበለብ የሚሸተው ሽታ ይመጣል። የተረፈውም በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፈተና የጥንቸሉን ከበጉ አይለይም፤ ፀጉሩን ከአክሪሊክ ብቻ ነው የሚለየው።

ስለ ጥንቸሏ ትንሽ

ይህን መዝለል አልፈልግም። አብዛኛው የዓለም አንጎራ የሚመጣው ከቻይና ነው። በ2013 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ድርጅት እዚያ ካሉ እርባታዎች የተቀረጸ ቪዲዮ አወጣ። ጥንቸሎቹ በሕይወት እያሉ ፀጉራቸው እየተነጨ ይጮኻሉ። ከዚያ በኋላ ኤች ኤንድ ኤምን ጨምሮ ብዙ ትልልቅ የልብስ ኩባንያዎች አንጎራ ማምረት አቆሙ። የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስም በ2015 ተከተለ። ዛሬ በትልልቅ ሱቆች አንጎራ እንደ ድሮው የማይገኘው በዚህም ምክንያት ነው።

ፀጉሩን ያለ ጭካኔ መሰብሰብ አይቻልም ማለት አይደለም። በየሦስት ወሩ ገደማ የሚሸልቱ፣ ወይም ጥንቸሉ በራሱ ጊዜ ፀጉሩን ሲጥል የሚያበጥሩ አነስተኛ አርቢዎች አሉ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ "ፀጉሩ በምን መንገድ ተሰበሰበ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ራሱ መልስ ነው። እኔ ያገለገለ ነው የምገዛው።

ስትለብሱት

አንጎራን ከእጥበት ይልቅ የሚጎዳው መፋተግ ነው። በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ፣ የመኪና ቀበቶ፣ ሻካራ ጃኬት፣ ረጅም ሰንሰለት፣ ሁሉም ፀጉሩን እያሹ ያጣብቁታል። ቦርሳችሁን በእጅ ያዙ። ላዩ ላይ የምትደርቡት ኮት ውስጡ ልሙጥ ገበር ይኑረው። ዝናብና መፋተግ ሲገናኙ ደግሞ የባሰ ነው።

ከሥሩ ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበሱ። ላቡን ካናቴራው ይወስደዋል፣ ሹራቡ በየሳምንቱ መታጠብ አያስፈልገውም። ሽቶና ዲዮዶራንት ልብሱን ከመልበሳችሁ በፊት ይቀቡና ይድረቁ።

የእኛ ቤት ችግር ደግሞ ሽታ ነው። አንጎራ ቁሌቱን፣ የቡናውን ጭስ፣ ዕጣኑን ሁሉ ጠጥቶ ይዞ ይቀራል። ሽንኩርት የሚቁላላበት ቤት ውስጥ አውልቃችሁ ሌላ ክፍል አኑሩት። ከሸተተ ደግሞ ወዲያው ወደ ሳፋ አትሩጡ። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አየር በሚገባበት ጥላ አንድ ቀን ይደር። ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። አንድ ቀን ከለበሳችሁት ሁለት ቀን አሳርፉት።

በጣም ከረገፈባችሁ የምታውቁት ሰው ምናልባት "ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው" ብሎ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ አውጥታችሁ ደጅ አራግፉት። መርገፉን ለጊዜው ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም።

ማጠብ፣ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ መለያው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እዩ። ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ እጅ ካለ በእጅ ይታጠባል። ሳፋው ላይ የኤክስ ምልክት ካለበት ውሃ አይነካውም፣ ወደ ደረቅ እጥበት ነው። አራት ማዕዘን ውስጥ አግድም መስመር ካለ ተዘርግቶ ይድረቅ ማለት ነው። ማሽኑ "ለሱፍ" የሚል ቁልፍ ቢኖረውም እኔ አላምነውም።

1. አሮጌ አንሶላ ወለል ላይ ዘርጉ። ሹራቡን በላዩ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ሲደርቅ ወደ መጠኑ የምትመልሱት በዚህ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ጥፋቴን በሴንቲሜትር እለካው ነበር።

2. ሳፋውን ቅዝቃዜው ብቻ በጠፋለት ውሃ ሙሉት። ከ30 ዲግሪ አይብለጥ። እጃችሁን ስትነክሩ ሙቀትም ብርድም ካልተሰማችሁ ልክ ነው።

3. አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ የፀጉር ሻምፖ ጨምራችሁ በጥብጡ። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ የልብስ ደረቅ ሳሙናም አይሆንም። ሁለቱም አልካሊነት አላቸው፣ ፀጉሩን ያደርቁታል። አንዳንዱ የዱቄት ሳሙና ደግሞ የደም እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አለበት። ፀጉርም እንደ ደም ፕሮቲን ስለሆነ አይምረውም። በረኪናንማ አታንሱት፤ ፀጉሩን ያሟሟዋል።

4. ሹራቡን ገልብጣችሁ አስጥሙት። በመዳፋችሁ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርጉ። ማሸት የለም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

5. የቆሸሸውን ውሃ ድፉና በዚያው ሙቀት ባለው ንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ሙቀቱ እኩል ይሁን፤ ከለብታ ወደ በረዶ መዝለል ያኮማትረዋል። አረፋው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ውሃ ለውጡ። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ብትጨምሩ የቀረውን ሳሙና ያነሳዋል። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል።

6. ስታወጡት በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ አይሁን። ውሃ የጠጣ ሹራብ ከባድ ነው፣ ትከሻው ላይ ይላላል። እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃችሁ ከሥር ደግፋችሁ አንሡት።

7. ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ፣ ከፎጣው ጋር እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉት። በእጃችሁ ተጫኑት፣ አትጠምዝዙት። ፎጣው ከራሰ በሌላ ደረቅ ፎጣ ድገሙ።

8. ያሰመራችሁት አንሶላ ላይ ደረቅ ፎጣ አንጥፋችሁ አስተኙት። የመስመሩን ጫፍ እያያችሁ እጅጌውን፣ ወገቡን፣ አንገቱን በቀስታ ወደ ቦታው መልሱት። ጥላ ይሁን። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ ስለሆነች ትበረታለች፤ ነጩን ሹራብ ቢጫ ታደርገዋለች። ግማሽ ሲደርቅ ገልብጡት። እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። በክረምት ቬንትሌተር ከሩቅ ብታደርጉለት ይረዳል። ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ግን አይቅረብ።

ሲደርቅ የተኛና የከሰመ ይመስላል። አትደንግጡ። ሁለቱን ትከሻ ይዛችሁ አራግፉት። ገላ ስትታጠቡ እንፋሎት ባለበት ክፍል አሥር ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ በሕፃን ፀጉር ብሩሽ ወደ ላይ ወደ ላይ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ፀጉሩ ይነሳል። ካውያ አይነካውም።

ወጥ ሲነካው

ወዲያው በናፕኪን ጫን አድርጋችሁ ዘይቱን ምጠጡ፣ አትሹ። ከዚያ የበቆሎ ስታርች ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ይደር። ጠዋት አራግፉት። የቀረውን በሻምፖ ጠብታ በጣት ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው። የበርበሬው ቀለም ግን ከነጭ አንጎራ ሙሉ በሙሉ ሲለቅ አላየሁም። እኔ ክትፎ ቤት ጥቁር ለብሼ ነው የምሄደው።

ክር ከተመዘዘ በመቀስ አትቁረጡት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በኪሮሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ሳቡትና ቋጥሩት።

ማስቀመጥና ብል

መስቀያ ላይ አይሰቀልም። ታጥፎ፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ከተጫነበት ይጨፈለቃል።

ልብስ የሚበላው የምትበረው ትንሿ የእሳት ራት አይደለችም፤ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ፀጉር የተሠራበትን ኬራቲን መፍጨት ይችላል፤ ላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ደግሞ ይመርጣል። ስለዚህ ለወራት የሚቀመጥ ሹራብ አንዴ የተለበሰ ቢሆን እንኳ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይግባ። አሮጌ የጥጥ የትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት። ናፍታሌን የምትጠቀሙ ከሆነ በጨርቅ ቋጥራችሁ ልብሱን ሳይነካ አኑሩት። መርዝ ስለሆነ ልጅ እጁ እንዳይደርስ። ሽታውም ለወራት አይለቅም፤ እኔ ትቼዋለሁ።

ከሳልቫጅ የገዛችሁትን ወይም የምትጠረጥሩትን ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት አቆዩት። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛው ልብሱ ላይ ይወርዳል።

ከተኮማተረስ?

ትንሽ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለው። ለብ ባለ ውሃ ሁለት ማንኪያ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጡ፣ ሹራቡን ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ሳታለቀልቁ በፎጣ ምጠጡት። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያላችሁ ሳቡት፣ ወደ መስመሩ አድርሱት። በየሰዓቱ እየተመለሳችሁ ድገሙት። ሲደርቅ ኮንዲሽነሩን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ።

ስፌቱ እስከማይታይ ከተጣበቀና እንደ ካርቶን ከወፈረ ግን የፀጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ አይፈታም። የእናቴ ሹራብ እዚያ ደርሶ ነበር። እንዲህ የሆነ ልብስ ግን አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም። ጀርባውን ቆርጬ ለሙቅ ውሃ ላስቲኳ ልብስ ሰፋሁላት። በታኅሣሥ ብርድ እግሯ ሥር አድርጋው ትተኛለች።